አባታችን የእንቅልፍ ማሽኑን አልጠቀምም አሉ፦ ጡረታ የወጡ ወታደሮችን ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለስሊፕ አፕኒያ (በእንቅልፍ ሰዓት ትንፋሽ የሚቋረጥበት በሽታ) የታዘዘው ሲፓፕ የሚባል ማሽን ቤት ገብቷል፣ ሐኪሙ አስረድቷል፣ ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ማሽኑ አልጋ ስር ተገፍቶ ይገኛል። ብዙ ቤት ውስጥ ያለው ነገር ይሄ ነው፣ በተለይ ሰውየው እድሜያቸው የገፋና ረጅም ጊዜ በውትድርና ያሳለፉ ከሆነ። ቤተሰብ ደሞ ቶሎ «እምቢተኛ ናቸው፣ ማንንም አይሰሙም» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን እምቢታ አይደለም፣ ከጀርባው አንድ የተወሰነ የሚያስቸግራቸው ነገር አለ፣ ወይ ማስኩ አልገጠመም፣ ወይ አፍንጫቸው ይዘጋል፣ ወይ ፊታቸው ተሸፍኖ መተኛት ያስፈራቸዋል፣ እና አብዛኛው ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከልጆችና ከትዳር አጋሮች በብዛት የሚመጡ ናቸው። «አባታችሁ» እያልን ብንጽፍም ወታደር የነበሩ እናቶችንም ይመለከታል፣ እንደውም ሴቶች ላይ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከማንኮራፋት ይልቅ በድካምና በእንቅልፍ ማጣት ስለሚገለጥ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቆያል።

ስሊፕ አፕኒያ ማንኮራፋት ማለት አይደለም እንዴ? ድሮም ያንኮራፋሉ እኮ።

ማንኮራፋት አንዱ ምልክት ነው እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ሰው ሲተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን መተንፈሻው ጭራሽ ይዘጋል ወይም በጣም ይጠባል፣ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ከዛም በላይ አየር አይገባም፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አእምሮ ደንግጦ ይነቃል፣ ሰውየው ግን መንቃቱን አያስታውስም። ይሄ በሰዓት ስንቴ እንደሚከሰት ይቆጠራል፣ ከ5 እስከ 15 ከሆነ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። በሰዓት 30 ማለት በየሁለት ደቂቃው ማለት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ። ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን ወንበር ላይ ማንቀላፋት፣ ቁጣ፣ መርሳት፣ ሌሊት ደጋግሞ ሽንት መውጣት፣ በመድኃኒት አልወርድ ያለ የደም ግፊት፣ እነዚህን ሁሉ «እድሜ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ስለሆነ ነው ብዙ አዛውንት ሳይታከሙ የሚቀሩት።

ማሽኑ ምንድነው የሚሰራው? ኦክስጅን ነው?

አይደለም። ሲፓፕ የሚባለው ማሽን የክፍሉን አየር ስቦ፣ አጣርቶ፣ በትንሽ ግፊት በቱቦና በማስክ ይልካል፣ ግፊቱ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ከፍቶ ይይዘዋል፣ በቃ። ይሄን ዘዴ ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1981 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነው ለዓለም ያሳወቁት፣ እስከ ዛሬም ዋናው ሕክምና እሱ ነው። አውቶ የሚባሉት ደግሞ ግፊቱን እንደ አተነፋፈሱ ራሳቸው ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ ባይፓፕ የሚባለው ሲያስገቡና ሲያስወጡ የተለያየ ግፊት ይሰጣል።

ይህን መለየት የሚያስፈልገው «ኦክስጅን ሲሊንደር ቢሰጧቸው አይሻልም ወይ» የሚል ቤተሰብ ስላለ ነው። የተዘጋ ጉሮሮ ኦክስጅን በመጨመር አይከፈትም። የሳንባ በሽታም ካለባቸው ሐኪሙ ኦክስጅንን ከማሽኑ ጋር አብሮ ሊያዝ ይችላል፣ ግን አንዱ ሌላውን አይተካም።

ወታደር የነበረ ሰው ላይ ለምንድነው የሚብሰው?

ማስክ ለማንም ሰው መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ውጊያ ያየ ሰው ላይ ግን ሌሎች ነገሮች ይደረባሉ፣ ቤተሰብ እነዚህን ካላወቀ ደግሞ ሁሉንም ነገር ግትርነት ያረገዋል።

አንደኛው ንቃት ነው። ሌሊት በአንድ ጆሮ እየሰማ መተኛት የለመደ ሰው፣ ያ ልምድ አንድ ጊዜ ሕይወቱን ያተረፈለት ሰው፣ አሁን ፊቱን ሸፍነህ፣ የሚነፋ ማሽን አጠገብህ አድርገህ፣ በደንብ ተኛ ሲባል ሰውነቱ አይቀበልም። በር ላይ ኮቴ ቢመጣ አልሰማም ብለው ያስባሉ፣ በቱቦ ታስሬ ቶሎ መነሳት አልችልም ብለው ያስባሉ። ይሄን በአፋቸው አይነግሯችሁም፣ «አይመቸኝም» ብቻ ነው የሚሉት። ብዙዎቹ በፍንዳታና በጥይት ድምፅ ጆሯቸው የተጎዳ ስለሆነ ደሞ ጭንቀቱ ይብሳል።

ሁለተኛው ማስኩ የሚያስታውሳቸው ነገር ነው። የጋዝ ማስክ ልምምድ፣ ሆስፒታል ቆስለው የተኙበት ጊዜ፣ አቧራና ጭስ ውስጥ መታፈን። ፊት ላይ ላስቲክ ሲነካ ልብ መምታት የሚጀምርባቸው አሉ፣ ይሄ ፈሪነት አይደለም፣ ሰውነት ያስታወሰው ነገር ነው።

ሶስተኛው ክብር ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያዙና ሰው ሲጠብቁ የኖሩ ሰው አሁን በሚስታቸው ፊት ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው መተኛት ያሳፍራቸዋል። በዛ ላይ የህመም ማስታገሻ፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የጀርባና የእጅ ህመም አለ። ስለዚህ «ለምን እምቢ ትላለህ» ከማለት በፊት «ስታደርገው ምን ይሰማሃል፣ የትኛው ሰዓት ላይ ነው የሚከብድህ» ብሎ ረጋ ብሎ መጠየቅ፣ ዝም ሲሉም አለመቸኮል ያስፈልጋል። መልሱ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ።

ማስኩን ገና ሲያደርጉት «ታፈንኩ» ብለው ይወረውሩታል። ምን እናርግ?

መጀመሪያ ሌሊት ላይ መሞከሩን አቁሙ። ጨለማ፣ ድካም፣ አልጋ፣ ማስክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲመጣ ነው የሚያስፈራው። በምትኩ ቀን፣ ቁጭ ብለው፣ ቴሌቪዥን እያዩ ወይም ራዲዮ እየሰሙ ይለማመዱት። መጀመሪያ ማስኩን በእጃቸው ብቻ ይይዙታል፣ ፊታቸው ላይ ያስጠጉታል፣ ማሰሪያውን ግን አያስሩም። እሱ ሲቀል ለጥቂት ደቂቃ አስረው ያለ ማሽን ይቀመጣሉ። ከዛ ማሽኑ ተከፍቶ አየር እየመጣ። ከዛ ቀን ቀን ጋደም ብለው፣ መጨረሻ ላይ ሌሊት። እያንዳንዱ ደረጃ አሰልቺ እስኪሆን ድረስ ወደ ቀጣዩ አትሂዱ፣ መሰልቸት እዚህ ጋር ጥሩ ምልክት ነው፣ ፍርሃቱ ሄዷል ማለት ነው። ልባቸው መምታት ከጀመረ ማውለቅ ይችላሉ፣ ግን ትንሽ ተረጋግተው ወደ ቀለለው ደረጃ ተመልሰው በሰላም ቢጨርሱ ይሻላል፣ ምክንያቱም በድንጋጤ ወርውሮ ማቆም ፍርሃቱን ያጠነክረዋል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ነገር ማስኩን የሚያደርጉትም የሚያወልቁትም ራሳቸው መሆናቸው ነው። እናንተ ከኋላ ሆናችሁ ማሰሪያ አትጎትቱ። በአንድ እጅ በፍጥነት እንዴት እንደሚወልቅ ደጋግመው ይለማመዱት፣ አይናቸውን ጨፍነውም ጭምር፣ «በፈለግኩ ሰዓት በአንድ ሰከንድ አወልቀዋለሁ» ብለው ሲያምኑ ነው ሰውነታቸው የሚረጋጋው። ወታደር መሳሪያውን ፈቶ መግጠም የለመደ ሰው ነው፣ ማሽኑንም ራሳቸው ይፍቱት፣ ይጠቡት፣ ይግጠሙት፣ የእሳቸው ዕቃ ይሁን።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የመታፈን ስሜት አንዳንዴ ከፍርሃት ሳይሆን ግፊቱ በጣም ትንሽ ከመሆኑ ይመጣል። ማሽኖች ብዙ ጊዜ ከ4 (የግፊቱ መለኪያ ሴንቲሜትር ውኃ ይባላል) ጀምረው ቀስ እያሉ የሚጨምሩበት ራምፕ የሚባል ሴቲንግ አላቸው፣ አንዳንድ ሰው ግን በ4 አየር አይበቃውም። ክሊኒኩ መነሻውን ትንሽ ከፍ ሲያደርገው ነገሩ እዛው የሚፈታበት ጊዜ አለ። በተቃራኒው ሲያስወጡ አየሩ የሚገፋቸው ከሆነ በሚያስወጡበት ሰዓት ግፊቱን የሚቀንስ ሴቲንግም አለ። ደውላችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ማሽኖች ላይ ባለሙያው ከርቀት ሊቀይረው ይችላል።

የሚነካቸው የውጊያ ትዝታ ከባድ ከሆነ፣ ሲያደርጉት የሚያልባቸውና የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ ይሄን ልምምድ ከሳይኮሎጂስት ጋር ቢያደርጉት ነው የሚሻለው።

ማታ አድርገው ይተኛሉ፣ ጠዋት ግን መሬት ላይ ነው የምናገኘው። እሳቸውም መቼ እንዳወለቁት አያውቁም።

በጣም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አየር ሲያፈተልክ፣ አፍንጫ ሲዘጋ ወይም ግፊቱ ሲጨምር በእንቅልፍ ልብ ነው የሚያወልቁት። የማሽኑ ሪፖርት ላይ ሊክ (የሚያፈተልክ አየር) የሚለውን እዩ ወይም ክሊኒኩ እንዲያይላችሁ አድርጉ፣ ከመውለቁ በፊት ሊኩ ከጨመረ ችግሩ የማስኩ ልክ ነው። አንዳንድ ማሽን ማስክ ሲወልቅ የሚጮህ አላርም አለው፣ ግን በድምፅ የሚደነግጥ ሰው ላይ እሱን ባትከፍቱት ይሻላል።

ሲነቁ ግን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን፣ መልሰው እንዲያደርጉት አበረታቷቸው። ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ወደ ንጋት ይበዛል፣ ትንፋሽ መቆራረጡም ብዙ ሰው ላይ የሚከፋው በዛ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ግማሽ ሌሊት ብቻ መጠቀም ከባዱን ክፍል ሳይታከሙ መተው ነው።

የትኛው ማስክ ነው የሚሻለው?

የሚገጥማቸው። ሶስት ዓይነት አለ፣ አፍንጫ ቀዳዳ ላይ ብቻ የሚያርፍ ትንሹ፣ አፍንጫን የሚሸፍን፣ እና አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን ትልቁ። ብዙ ጊዜ ከአፍንጫዎቹ መጀመር ይመረጣል፣ ትልቁ ብዙ ያፈተልካል፣ ለሚታፈን ሰውም ይከብዳል። አፍንጫቸው ሁሌም የሚዘጋ ወይም በአፍ ብቻ የሚተነፍሱ ከሆነ ግን ትልቁ ሊያስፈልግ ይችላል።

አዛውንት ላይ ሰው ሰራሽ ጥርስን አትርሱ። ክሊኒክ ሄደው ጥርሳቸውን አድርገው ማስክ ይለካሉ፣ ማታ ጥርሱን አውልቀው ይተኛሉ፣ የፊት ቅርፅ ይቀየራል፣ ማስኩም ያፈተልካል። ልኬቱ እንደሚተኙት ሆነው፣ ጋደም ብለው፣ ማሽኑ በሙሉ ግፊት እየሰራ መሆን አለበት። ጺም ካላቸውም ትልቁ ማስክ በደንብ ላይገጥም ይችላል። ሲያፈተልክ ማሰሪያውን ማጥበቅ ደሞ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ ግን ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ላስቲኩ ይጨማደድና እንደውም ይብሳል፣ አፍንጫ ላይም ቁስል ያወጣል። ፈታ አድርጋችሁ፣ ማሽኑ እየነፋ፣ ማስኩን ከፊት ትንሽ ሳብ አድርጋችሁ መልሳችሁ አስቀምጡት።

ጣታቸው የሚያማቸው ከሆነ በማግኔት የሚዘጋ ማስክ ይቀላቸዋል፣ ግን ተጠንቀቁ። የልብ ምት የሚያስተካክል ፔስሜከር ወይም ዲፊብሪሌተር፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ብረት ነክ ኢምፕላንት (በኦፕሬሽን የተቀበረ ዕቃ) ወይም ሌላ በማግኔት ሊነካ የሚችል ነገር፣ አይናቸው አካባቢ የብረት ስብርባሪ ካለ ማግኔቱ ችግር ሊፈጥር ይችላል፣ አምራቾቹም ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ፍንጣሪ በሰውነቱ የቀረ ወታደር ጥቂት አይደለም፣ ስለዚህ ማስክ ሲታዘዝ ይሄን ለባለሙያው መናገር የእናንተ ሥራ ይሁን፣ ማግኔት የሌለውም ሞልቷል። አልጋ የምትጋራቸው የትዳር አጋር ኢምፕላንት ካላትም እንደዛው ነው፣ አጠገባቸው ነው የምትተኛው።

አፍ ይደርቃል፣ አፍንጫ ይዘጋል፣ ሆድ ይነፋል ይላሉ።

አፍ መድረቅ ብዙ ጊዜ አየር በአፍ እየወጣ መሆኑን ነው የሚያሳየው። አፍንጫ ከተከፈተ አፍ ይዘጋል፣ ስለዚህ ከመተኛት በፊት አፍንጫን በጨው ውኃ ማጠብ (ውኃው ዲስቲልድ፣ ማለትም ተንኖ የተጣራ፣ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን)፣ ሐኪም ካዘዘ የአፍንጫ ስፕሬይ፣ የማሽኑን ማርጠቢያ (አየሩን የሚያረጥበው የውኃ ዕቃ) ከፍ ማድረግ። ማርጠቢያው ውስጥ ዲስቲልድ ውኃ ነው የሚገባው። ቱቦው ውስጥ ውኃ እየተጠራቀመ ፊታቸው ላይ የሚንጠባጠብ ከሆነ ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ የሚሞቅ ቱቦም ይረዳል። ሆድ የሚነፋው አየር ሲውጡ ነው፣ ግፊቱ እንዲታይ ንገሩ፣ ራስጌን ከፍ ማድረግም ሊያቀል ይችላል። ጠዋት አይን ከቀላና ከደረቀ ማስኩ ከላይ በኩል እያፈተለከ ነው።

በቀን ስንት ሰዓት መጠቀም አለባቸው?

በተኙበት ሰዓት ሁሉ፣ የቀን እንቅልፍም ጭምር። በብዛት የሚነገረው «በሌሊት አራት ሰዓት» የሚለው ቁጥር ከየት መጣ ካላችሁ፣ በአሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የአዛውንቶች መድን ማሽኑን ለመቀጠል በ30 ተከታታይ ቀናት ውስጥ በ70 ከመቶ ሌሊቶች ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀምን ስለሚጠይቅ ነው፣ ይሄ የመድን መስፈርት ነው እንጂ «4 ሰዓት ይበቃል» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ላይ ሰዓቱ በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ ይጨምራል። ግን ደሞ ከዜሮ አንድ ሰዓት ይሻላል፣ ዛሬ አንድ ሰዓት ያደረጉትን ሰው «ለምን ሰባት አልሆነም» ካላችኋቸው ነገ ዜሮ ነው።

ወሳኙ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ሰው መጀመሪያ ሳምንት ላይ የያዘው ልማድ ነው ብዙ ጊዜ ወደፊትም የሚቀጥለው፣ ስለዚህ «ቀጠሮው ከሁለት ወር በኋላ ነው፣ እስከዛ ይታገሱ» የሚለው ሐሳብ ትልቅ ጥፋት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ችግር ካለ በዛው ሳምንት ደውሉ።

ሲጀመር እንቅልፍ የላቸውም፣ ነቅተው ነው የሚያድሩት። ማስክ አድርጎ መንቃት ደሞ ስቃይ ነው።

ልክ ናቸው፣ ይሄ ብዙ የቀድሞ ወታደሮች ላይ ያለ ነገር ነው፣ እንቅልፍ ማጣትና ስሊፕ አፕኒያ አብረው ይመጣሉ፣ ሁለቱም ካልታከሙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። በ2021 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ሁለቱም ችግር ያለባቸው፣ 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው የቀድሞ ወታደሮች ላይ የእንቅልፍ ማጣት ሕክምናውንና የማሽኑን ልምምድ አንድ ላይ አድርጎ፣ በየሳምንቱ በሚደረግ አጭር ክትትል ሰጥቷቸው፣ እንቅልፋቸውም ማሽን አጠቃቀማቸውም ተሻሽሏል። ክትትሉን የሰጡት ሐኪሞች ሳይሆኑ የሰለጠኑ የእንቅልፍ አሰልጣኞች ነበሩ፣ ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ የሚያስፈልገው ሁሌ ስፔሻሊስት ሳይሆን በየጊዜው የሚጠይቅና የሚሰማ ሰው መሆኑን ያሳያል።

ቤት ውስጥ የምትችሉት፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ አለመግባት፣ ለረጅም ጊዜ ነቅተው ከተገላበጡ ተነስተው ሌላ ቦታ ቁጭ ብለው እንቅልፍ ሲመጣ መመለስ (ሲመለሱ ማስኩን አድርገው)። አዛውንት በጨለማ ሲነሱ እንዳይወድቁ መንገዱ ላይ ደብዘዝ ያለ መብራት ይኑር።

ኪኒንና መጠጥን በተመለከተ ግን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። አልኮል ጉሮሮን የበለጠ ያላላል። እንደ ሞርፊን ያሉ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎችና እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማረጋጊያዎች ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ፣ ማሽን ሳያደርጉ እነሱን ውጦ መተኛት አደገኛ ነው። በራሳችሁ ግን አታቋርጡባቸው፣ በድንገት ማቆም ራሱ ይጎዳል፣ የሚወስዱትን ሁሉ ዝርዝር ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ቅዠት ያስነሳቸዋል። ማሽኑ ያብስባቸው ይሆን?

በተቃራኒው ነው ብዙ ጊዜ። ትንፋሽ ሲቋረጥ አእምሮ በድንጋጤ ይነቃል፣ ያ ድንጋጤ ከድሮ ትዝታ ጋር ይገናኛል። የውጊያ ጭንቀት ያለባቸው ወታደሮች ማሽኑን ሲጠቀሙ ቅዠታቸው እንደቀነሰ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ለአባታችሁ ስለ ልብና ስለ ግፊት ከምትነግሯቸው ይሄን ብትነግሯቸው የበለጠ ሊገባቸው ይችላል። ማሽኑ ግን የጭንቀቱን ሕክምና አይተካም፣ ሁለቱም ጎን ለጎን ይሂዱ።

እንዴት ነው ምናነሳሳቸው? ባለቤታቸው ስትናገር ይጣላሉ።

በየሌሊቱ «አድርገዋል? ለምን አላደረጉም?» የሚል ቁጥጥር አይሰራም፣ ይብሳቸዋል። የሚሰራው ከእሳቸው የሚነሳ ምክንያት ነው። መኪና መንዳት መቀጠል ይፈልጋሉ? ከልጅ ልጃቸው ጋ ሳይደክሙ መዋል ይፈልጋሉ? ባለቤታቸው ከሌላ ክፍል ወደ መኝታቸው እንድትመለስ ይፈልጋሉ? ራሳቸው ይበሉት። ከዛ ማሽኑን ካደረጉበት ሌሊት በኋላ ቀናቸው እንዴት እንደዋለ ራሳቸው ያስተውሉ፣ ማስታወሻ የሚወዱ ከሆነ ይጻፉት። ለውጡ አንዳንድ ሰው ላይ በቀናት ይታያል፣ አንዳንዱ ላይ ሳምንታት ይፈጃል፣ ይሄንን ከመጀመሪያው ንገሯቸው።

ከሁሉም በላይ የሚሰሙት ግን ሌላ ወታደር ነው። ማሽኑን የሚጠቀም የድሮ ጓድ ካላቸው አገናኟቸው፣ እናንተና ሐኪሙ ለወራት ያላሳመናችሁትን እሱ በአንድ ጨዋታ ሊያሳምን ይችላል፣ ምክንያቱም ማስኩ ፊት ላይ ሲሆን ምን እንደሚታሰብ እሱ ያውቃል።

ለባለቤቶች ደሞ አንድ ነገር፦ ማስኩ ወልቆ ስታዪ ደንግጠሽ ትከሻቸውን አትነቅንቂ፣ ፊታቸውንም አትንኪ። ውጊያ ያየ ሰው ከእንቅልፉ ሲነካ ሳያውቅ ሊመታ ይችላል። ከእግራቸው በኩል ራቅ ብለሽ፣ መብራት አብርተሽ፣ በስማቸው ወይም በለመዱት ማዕረግ ጥሪያቸው፣ የት እንዳሉ ንገሪያቸው። አንቺም ተኝተሽ ማደር አለብሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዘብ መቆም ያንቺ ግዴታ አይደለም።

ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ፣ በየሰዓቱ ማውለቅ ሰለቻቸው።

ማስኩን ሳያወልቁ ቱቦውን ብቻ ከማስኩ መንቀል ይቻላል፣ ሲመለሱ መልሶ መሰካት ነው፣ ብዙ ሰው ይሄንን የሚነግረው የለም። ደሞ መልካሙ ዜና፣ ትንፋሽ ሲዘጋ ልብ ላይ በሚፈጠረው ጫና ምክንያት ሽንት የሚያበዛ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ማሽኑን በደንብ ሲጠቀሙ ብዙ ሰው ላይ የሌሊት ሽንት ይቀንሳል። ካልቀነሰ ፕሮስቴትና ስኳር ይታዩ።

መርሳት ጀምረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ማሽን ሊጠቀም ይችላል?

ይችላል፣ ቀላልና መካከለኛ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ማሽኑን እንደሚለምዱ ታይቷል። የሚረዳው በየቀኑ አንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ነው፣ ጥርስ ማጠብ፣ ልብስ መቀየር፣ ማስክ። ማሽኑ ሁሌ አንድ ቦታ ይሁን፣ ዓይነቱንም ዝም ብላችሁ አትቀያይሩ። ማስኩን ራሳቸው ማውለቅ የማይችሉ ሰው ላይ ግን አፍና አፍንጫ የሚሸፍነውን አታድርጉ፣ ቢያስመልሳቸው አደጋ ነው። ሐኪሙን ጠይቁ።

እንዴት ይጸዳል?

ፊት የሚነካውን ላስቲክ በየቀኑ ማበስ ወይም መታጠብ፣ ማስኩንና ቱቦውን በሳምንት አንዴ በለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ የማርጠቢያውን ውኃ በየቀኑ መቀየር፣ ፊልተሩን በመመሪያው መሠረት። በኦዞን ወይም በዩቪ መብራት እናጸዳለን የሚሉትን ዕቃዎች በተመለከተ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 አስጠንቅቋል፣ ሳሙናና ውኃ ይበቃል። አሮጌ ማሽን ከሰው ከተሰጣችሁ ደሞ ሪኮል የወጣበት (ጉድለት ተገኝቶበት አምራቹ መልሱ ያለው) እንዳይሆን አጣሩ፣ በ2021 ፊሊፕስ ውስጡ ባለ ስፖንጅ ምክንያት ብዙ ማሽኖቹን ጠርቷል።

እውነት ለልብ ይጠቅማል? አንዳንዱ አይጠቅምም ይላል።

በሐቀኝነት፣ የቀን እንቅልፍን፣ ድካምን፣ ማንኮራፋትን ያሻሽላል፣ የደም ግፊትንም በትንሹ ይቀንሳል። በ2016 የወጣ ትልቅ ጥናት ቀድሞ የልብ ወይም የአንጎል ደም ስር በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ ሲፓፕ ሌላ የልብ ሕመምና ስትሮክ እንዳልቀነሰ አሳይቷል፣ ግን ተሳታፊዎቹ በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር የተጠቀሙት፣ ስለዚህ በደንብ የተጠቀመ ሰው ምን ያገኛል የሚለው ክርክር አላለቀም። ለአባታችሁ «ካላደረጉ ይሞታሉ» አትበሏቸው፣ ሞትን ያዩ ሰው በዛ አይንቀሳቀሱም፣ እውነቱን ንገሯቸው።

ሆስፒታል ሲገቡ ወይም ሲጓዙስ?

ማሽኑን ይዘው ይሂዱ። በተለይ ኦፕሬሽን ካለ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ስሊፕ አፕኒያ እንዳለባቸው ቀድማችሁ ንገሩ፣ ከማደንዘዣ በኋላ ያሉት ሰዓታት አደገኛ ናቸው። በአውሮፕላን ሲሄዱ ማሽኑን ከሻንጣ ጋር አትላኩት፣ በእጅ ያዙት፣ ውኃውንም ድፉት። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ለማሽኑ የተሠራ ባትሪ አለ፣ ማርጠቢያው ሲጠፋ ባትሪው ረዘም ይላል።

ሁሉንም ሞከርን፣ አልሆነም። ሌላ ነገር አለ?

አለ፣ ግን «ሁሉንም ሞከርን» ከማለታችሁ በፊት ማስክ ተቀይሮ፣ ግፊት ታይቶ፣ ልምምዱ ተሠርቶ እንደሆነ አረጋግጡ። ከዛ፣ መንጋጋን ወደፊት የሚይዝ በጥርስ ሐኪም የሚሠራ ዕቃ አለ፣ ለቀላልና መካከለኛው በብዛት ይጠቅማል፣ በቂ የራስ ጥርስ ግን ይፈልጋል። በጀርባ ሲተኙ ብቻ የሚብስባቸው ሰዎች በጎን እንዲተኙ የሚያግዙ ዘዴዎች አሉ። የምላስን ነርቭ የሚያነቃቃ በኦፕሬሽን ደረት ላይ የሚቀበር መሳሪያ በአሜሪካ በ2014 ተፈቅዷል። ክብደት መቀነስ ብዙ ሰው ላይ ያሻሽላል፣ ቲርዜፓታይድ የተባለው መርፌም ከመጠን በላይ ውፍረትና መካከለኛ ወይም ከባድ ስሊፕ አፕኒያ ላለባቸው አዋቂዎች በታኅሣሥ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ተፈቅዷል፣ አዛውንት ላይ ግን ጡንቻም አብሮ ስለሚቀንስ ሐኪም በቅርብ መከታተል አለበት።

ለብዙ ወራት አቁመውት ነበር፣ እንደገና መጀመር ይቻላል?

ይቻላል፣ እና በሁለተኛው ዙር የሚሳካለት ሰው አለ። በዛው በድሮው ማስክና በድሮው ሴቲንግ ግን አትጀምሩ፣ ያስቆማቸው ነገር እዛው አለና። መጀመሪያ ክሊኒክ ይደወል፣ ያቆሙት ለምን እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገር፣ ክብደታቸው ወይም መድኃኒታቸው ተቀይሮ ከሆነም ይነገር፣ የማሽኑ ሪፖርት ይታይ። ላስቲኩ ስለሚያረጅ አዲስ ማስክ ይጠየቅ። ከዛ ከቀን ልምምዱ፣ ማስኩን በእጅ ከመያዝ ይጀመር፣ እና ባለሙያው በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ራሱ ደውሎ እንዲጠይቃቸው ቀን ቆርጣችሁ ተለያዩ። እስከዛ ድረስ ቀን የሚያንቀላፉ ከሆነ መኪና አይንዱ፣ ቁልፉን ግን አትቀሟቸው፣ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።